አትጩህብኝ፤ አብራልኝ

ስማኝ አልልህም፤ እየኝ ልበል እንጂ፣
አንተ ሸዋንግዛው፣ አንተ ጎማ ፈጂ።
ትናንት መናኸሪያ ስጠራህ ከኋላ
ዞር ሳትል ስትቀር፣ «ኮራ» አለህ ሌላ።
እኔ ግን ዐወቅሁት።
ያልሰማውን ነገር «እሺ» የሚል አንገት
ስምንት ዓመት ሙሉ ተሸክሜ ዞርኩት፣
ቁልቁለት አወረድኩት፣ ዳገት አወጣሁት።

ጆሮ እንዳይመስልህ ፈንድቶ የሚሄድ፤
ቀስ ብሎ ነው እንጂ፣ እንደ ጎማ ንፋስ፣
ሌሊቱን ሲወጣ አድሮ፣ ጠዋት ሾፌር እስኪደርስ።

መጀመሪያ የሄደው የፍሬቻ ቀጭ ቀጭ።
ከበሬሳ ድልድይ ግራ ያሳየሁት
ጉዶ በረት ድረስ ሳላጠፋው ነዳሁት።
ይኸው «አባ ግራ» ሆኖ ቀረ ስሜ፣
ሻይ ቤት ክርስትና ተነሣሁ በዕድሜ።
ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ፣ የሴትና የልጅ።
ወይዘሮ አስካለ፣ አርማኒያ ወራጅ፣
«ወራጅ!» ብትል ብትል፣ እኔ መች ሰምቼ፤
ሸዋ ሮቢት አወረድኳት፣ እሷንም ዶሮዋንም።
ረግማኝ ይሆናል፤
አፏን ነው ያየሁት፣ ድምፁ አልደረሰኝም።

ያን ቀን ነው የተውኩት።
መንዳቱን አይደለም። መደበቁን።

ሐኪሙ የሰጠኝ፣ ባቄላ የምታህል፣
መስኮት ከከፈትክ ወፍጮ ቤት ትሆናለች፤
ዝጋው፤ እንደ ተሳፋሪ ንፋስ ትፈራለች።
ባትሪዋ ድንገት ነው የሚያልቅ፣ ይሉኝታ የላት፣
ትርፉን ሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ አኑርላት።
ሬድዮን እርሳው፤
አንተ የማትስቅበትን ቀልድ ለማን ትከፍታለህ?
ስፖኪዮህ ይስፋ፤ ግንባርህም ላይ ጨምር ሌላ፣
አምቡላንስ በመብራቱ ነው የሚመጣህ ከኋላ።
ደግሞ እግርህን እመን፤ ስስ ጫማ አድርግ፤
ሞተር የሚለውን በፍሪሲዮን ይልካል፣
ማርሽ ሲለምንህ ውስጥ እግርህ ያውቃል።

የኔ ረዳት ሽመክት፣ ምላሱ ጣቱ ነው፦
ትከሻዬን አንዴ ከነካኝ፣ ወራጅ ነው፤
ሁለቴ ከነካኝ፣ መንገዱ ክፍት ነው፤
መዳፉን በሙሉ ካሳረፈ ግን፣ ቁም።
ሌላ ቋንቋ የለን፤ ተጣልተንም አናውቅም።

የኋላ በሬ ላይ ያስጻፍኩትን አየህ?
ሌላው ለምቀኛው ነው የሚጽፍ መልእክት፤
የኔ፦ «አትጩህብኝ፤ አብራልኝ»።
ሳቁ መጀመሪያ። አሁን ያበራሉ።
ሁሉም አይደሉም።

ባለፈው ሐምሌ፣ ጣርማ በር፣
ዋሻውን እንደወጣን ጉም መስታወቴን ላሰው።
ሰው ሁሉ በክላክስ መንገድ ይጠይቃል፤
እኔ ማንን ልጠይቅ?
ጥግ ያዝኩና ቆምኩ፤ መብራቴን ለኮስኩ፣
አባ ግራ ያን ቀን ግራም ቀኝም አልኩ።
«ንዳው እንጂ!» ይላሉ፤ በመስታወት አያለሁ፤
አንዱ በጣቱ የእጅ ሰዓቱን ይመታል።
ያኔ ሸተተኝ፤
የፍሬን ሸራ ሲያርር።
መሪው ጣቴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣
ከላይ፣ ከበድ ያለ ነገር።
የሽመክት መዳፍ በሙሉ አረፈ።
ተሳቢ ነበረ፤ መብራት የለው፣ ምን የለው፣
ጉሙን ገምሶት በጎናችን አለፈ።
«እሪ እያለ ነበር» ይለኛል ሽመክት።
እኔ ያየሁት የጭነቱ ሸራ ሲርገበገብ ነው።
ደብረ ሲና ድረስ ሰዓቱን የመታ አልነበረም።

አልዋሽህም፤ ድምፅ ይናፍቀኛል።
ሮቢት ሙቀቱ ውስጥ ሞተር አጥፍቼ፣
ባቄላዬን ነቅዬ ኪሴ ስከታት ግን
ደስ የሚል ዝምታ አለ። እሱንም አልዋሽህም።

ነገ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን፤
ዋጋውን አትጠይቀኝ፣ እንነጋገራለን።
አሁን ተራህ ደርሷል፤ ተሳፋሪው ሞልቷል።
ትከሻህን አምጣ።
ይኸው፦
አንዴ።
ሁለቴ።